የጨቅላ መንዞው ግድያ፦ የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ሕይወትና የፖለቲካ ግድያ ትርጉም

መግቢያ

የጣና ሐይቅ ደሴቶች በአብዛኛው የሚጠኑት በገዳሞቻቸው፣ በብራና መጻሕፍታቸውና በሥዕሎቻቸው ነው። ከፖለቲካ ታሪክ አንጻር ሲታዩ ግን ሌላም ገጽ አላቸው፤ ነገሥታት ከዓለም ገለል ያሉባቸው፣ ስደተኞች የተጠለሉባቸው፣ የነገሥታት አስከሬን ያረፈባቸው ስፍራዎች ናቸው። ከእነዚህ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ጨቅላ መንዞ በጥቅምት ወር 1699 ዓ.ም. የንጉሥ ደም ፈስሶባታል። ሟቹ በዙፋን ስማቸው አድያም ሰገድ፣ በትውፊት ታላቁ ኢያሱ የሚባሉት የጎንደሩ ንጉሥ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ነበሩ።

ከዚያ 312 ዓመታት በኋላ፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዚያው ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው በባሕር ዳር የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ተገድለዋል። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላይ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዐረ መኮንን ተገድለዋል። ሁለቱን ዘመናት አንድ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው፤ ሥርዓቱም፣ ተዋናዮቹም፣ ምክንያቱም ይለያያሉ። ይሁን እንጂ የቅርቡ ሁነት መዘዙ ገና በሕይወታችን ውስጥ ስላለ ርቀት ጠብቆ ለመመርመር ያስቸግራል። የጥንቱን ግን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ተከትሎ ማየት ይቻላል። ጥናቱ ወደ ዐፄ ኢያሱ የተመለሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጥናቱ መከራከሪያ አንድ ነው። ዐፄ ኢያሱን ያስገደለው ዙፋናቸው ባዶ መሆኑ በይፋ ከታወጀ በኋላ አዋጁን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው አለማመናቸው ነበር። የፖለቲካ ግድያ ብዙውን ጊዜ የኃይል ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል፤ በዚህ ሁነት ግን ሥልጣን በራሱ ሕጋዊነት ላይ እምነት እንዳጣ የሚያሳይ ምስክር ሆኖ ይገኛል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉ ወሰን

የፖለቲካ ግድያን ከሌሎች ግድያዎች የሚለዩት አራት ነገሮች ናቸው። ተገዳዩ የሕዝብ ሥልጣን የያዘ ወይም ሥልጣን ሊይዝ ይችላል ተብሎ የሚፈራ ሰው ነው። ዓላማው የሥልጣንን አቅጣጫ መለወጥ ነው። አፈጻጸሙ ድንገተኛ ወይም ስውር ነው። በመጨረሻም ፍርድ አይቀድመውም። በዚህ መለኪያ በጦር ሜዳ የወደቀ ንጉሥ በፖለቲካ ግድያ ሞተ አይባልም። ዐፄ ዘድንግል በ1597 ዓ.ም. ያመፁባቸውን መኳንንት ሲወጉ በውጊያ ላይ ሞተዋል፤ አሟሟታቸው ፖለቲካዊ ቢሆንም በግልጽ ጦርነት የሆነ ነው። በችሎት ተፈርዶበት የተገደለ ሰውም፣ ፍርዱ ፍትሐዊ ባይሆን እንኳ፣ ከሌላ ምድብ ይገባል። ደም መላሽም ቢሆን ዓይኑ ያለው በሟቹ ደም ላይ እንጂ በወንበሩ ላይ ስላልሆነ ከዚህ ይለያል።

በአውሮፓ የአስተሳሰብ ታሪክ ጨቋኝ ገዥን መግደል ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ኦቭ ሳልዝበሪ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕግን የጣሰ ጨቋኝ የንጉሥነት ክብሩን እንደሚያጣ ጽፏል። በዚህ ክርክር ውስጥ ነው የፈረንሳይ ነገሥታት ሄንሪ 3ኛ በ1589 እ.ኤ.አ. እና ሄንሪ 4ኛ በ1610 እ.ኤ.አ. በጩቤ ተወግተው የሞቱት።

በኢትዮጵያ ክርክሩ የያዘው መልክ ሌላ ነው። ንጉሡ በቅብዐ መንግሥት የከበረ ስዩመ እግዚአብሔር ስለሆነ ሰውነቱ አይነካም የሚል እምነት ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ44ኛው አንቀጹ የንጉሥን ሹመትና ክብር ይደነግጋል። ዳዊት ሳኦልን ሊገድለው ሲችል በእግዚአብሔር የተቀባ ነው ብሎ እጁን መሰብሰቡም በካህናት ዘንድ የታወቀ ምሳሌ ነበር። ስለዚህ ንጉሥን ሊያስወግድ የፈለገ ወገን ጨቋኝ ነበር ብሎ መከራከሩ ብዙም አይረዳውም፤ አስቀድሞ ሰውየው ንጉሥ አይደለም ማሰኘት ነበረበት። በዐፄ ኢያሱ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ከዙፋን እስከ ሐይቅ

ዐፄ ኢያሱ ጎንደርን የመሠረቱት የዐፄ ፋሲለደስ የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸው ጻድቁ ዮሐንስ የተባሉት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በሐምሌ 1674 ዓ.ም. ሲያርፉ ዙፋኑን ወረሱ። ከፋሲለደስ ወደ ዮሐንስ፣ ከዮሐንስ ወደ ኢያሱ፣ ሥልጣን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያለ ንጉሥ ደም ተላልፏል። ለዚህ ዋነኛው መሣሪያ ወህኒ አምባ ነበር። የነጋሢው ወገን ወንዶች በዚያ ገደላማ አምባ ላይ በግዞት ይጠበቁ ስለነበር፣ አንዱ ሲነግሥ ሌላው ጦር ሰብስቦ ሊነሣበት አይችልም ነበር። ሥርዓቱ በግለሰብ ላይ ጭካኔ ያለበት ቢሆንም የአገርን ደም አድኗል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ዐፄ ኢያሱ ወደ አምባው ግርጌ ሄደው ግዞተኞቹን እንደጎበኙና ለቀለባቸው የተመደበው ሀብት በሹማምንት እጅ መቅረቱን አይተው እንዳዘኑ ይተርካል።

የሃያ አራት ዓመት ንግሥናቸው ከጎንደር ዘመን እጅግ የጎላው ነው። በጎንደር ግቢ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በጌጡ የታወቀ ነበር። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። በንግድና በቀረጥ አሠራር ላይ ማሻሻያ አድርገዋል። የምጽዋው ናይብ ለንጉሡ የመጣ ዕቃ ይዞ በከለከለ ጊዜ ደሴቱን በጦር ከመውረር ይልቅ ከደጋው የሚወርደውን ስንቅ አስቁመው ናይቡን እጅ መንሻ ይዞ እንዲታረቅ አስገድደውታል። በ1696 ዓ.ም. ዓባይን ተሻግረው እስከ እናርያ ዘምተዋል። ከውጭው ዓለምም አልራቁም፤ በ1691 ዓ.ም. ከካይሮ የተጠራው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ፖንሴ ጎንደር መጥቶ የነበረባቸውን የቆዳ ሕመም አክሟቸዋል፤ ስለ ቤተ መንግሥቱ ግርማም ጽፎ ትቷል።

ይህ ሁሉ ጥንካሬ ግን ከውስጥ የሚሸረሽሩት ሁለት ነገሮች ነበሩበት። የመጀመሪያው በቅብዓትና በተዋሕዶ ሊቃውንት መካከል የነበረው የሃይማኖት ክርክር ነው። ዐፄ ኢያሱ ጉባኤ እያስጠሩ ክርክሩን በሥልጣናቸው ለመቋጨት ሞክረዋል፤ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወገን ማዘንበላቸው ግን በጎጃም ገዳማት ቅሬታ አስከትሏል። ሁለተኛው የቤተሰባቸው ጉዳይ ነው። ከእቴጌ መለኮታዊት የተወለዱት ልዑል ተክለ ሃይማኖት በቤተ መንግሥት የእናታቸው ዘመዶች ድጋፍ ነበራቸው። ከሌሎች እናቶች የተወለዱት የንጉሡ ልጆችም ብዙ ነበሩ፤ ከእነዚህ የአንዱ ወደ ዙፋን መቅረብ ለመለኮታዊት ወገን ሥጋት ነበር።

ዙፋኑ ባዶ ነው የተባለበት ዓመት

ንጉሡ የሚወዷቸው ቅድስተ ክርስቶስ ባረፉ ጊዜ ኀዘኑ ጸናባቸው። የመንግሥትን ሥራ ትተው ወደ ጣና ገለል አሉ። ለሐይቁ ባህል ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ደሴቶቹ ለኀዘንተኛም፣ ለንስሓ ገቢም፣ ከዓለም ለራቀም መጠጊያ ነበሩ። በጎንደር ላሉት ግን የንጉሡ ከግቢ መራቅ ሌላ ትርጉም ተሰጠው። የእቴጌ መለኮታዊት ወገን ከጥንት ታሪክ ምሳሌ አመጣ። በትውፊት እንደሚነገረው የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ከሂምያር ዘመቻ በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው፣ መንግሥቱን ለልጃቸው ለገብረ መስቀል ትተው መንነዋል። እንግዲህ ዐፄ ኢያሱም እንደ ካሌብ ከዓለም ተለይተዋልና ዙፋኑ ለልጁ ይገባል ተባለ። በመጋቢት 1698 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ጎንደር ላይ ነገሡ።

ክርክሩ የተዋበ ነበር፤ አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። በትውፊቱ ካሌብ ዘውዳቸውን የተዉት በራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ዐፄ ኢያሱ ግን መተዋቸውን የነገራቸው ሌላ ሰው ነው። ኀዘን ምንኩስና አይደለም፤ ከግቢ መራቅም ዙፋንን መልቀቅ አይደለም። ዐፄ ኢያሱ የሆነውን ሲሰሙ ሠራዊት አሰባስበው ወደ ልጃቸው ለመገስገስ ተነሡ። ይህ እርምጃ የጎንደሩን ክርክር ከሥሩ አፈረሰው፤ መንኗል የተባለው ንጉሥ ጦሩን አሰልፎ በመምጣት አለመመነኑን አሳይቷልና። በመንገድ ላይ ግን ንዳድ ያዛቸውና ለመመለስ ተገደዱ። ሕመማቸውን ለማስታመም ጨቅላ መንዞ ገቡ።

በዚህ ጊዜ የአዲሱ ንጉሥ ወገን ሦስት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ሽማግሌና ካህናት ልኮ መታረቅ ነው፤ ይህ ግን ሥልጣንን መካፈል ወይም መመለስ ይጠይቃል። ሁለተኛው በወህኒ አምባ ሥርዓት ማጋዝ ነው፤ ይሁንና ሠራዊት የሚያውቀውና የሚወደው ንጉሥ በአምባ ላይ በሕይወት መኖሩ ራሱ ዕለት ዕለት የሚነገር ክስ ይሆናል። ሦስተኛው መግደል ነው። የተመረጠው ሦስተኛው ሆነ።

የደሴቲቱ ግድያ

የእቴጌይቱ ወንድሞች ድርመንና ጳውሎስ ወደ ደሴቲቱ ተላኩ። ዐፄ ኢያሱ በሕመም ላይ ሳሉ በጠመንጃ ተመቱ። እንደ ብሩስ ትረካ ገዳዮቹ አስከሬኑን በእሳት ለማጥፋት ሞክረዋል፤ የአቅራቢያ ደሴት ካህናት ግን ደርሰው ወሰዱት። ንጉሡም በጣና ደሴት በምጽራሃ ተቀበሩ።

ይህ ትረካ ግድያው ከተፈጸመ ከ60 ዓመታት በላይ ቆይቶ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ሰዎች የተሰማ ነው፤ ተጓዡ ታሪክን ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ መሆኑም የታወቀ ነው። ቢሆንም የትረካው ሦስት ዝርዝሮች ለትንታኔ ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው የገዳዮቹ ማንነት ነው። የተላከው ሠራዊት ሳይሆን የእቴጌይቱ ሥጋ ዘመድ ነው። ሠራዊቱ የሚያውቀው ንጉሥ ላይ ይተኩሳል ተብሎ አይታመንም፤ ዘመድ ግን ጥቅሙም ዕጣውም ከአዲሱ መንግሥት ጋር የታሰረ ነው። ስውርነት የተፈለገው ድርጊቱን በአደባባይ ለማዘዝ የሚያስችል ሕጋዊ መሠረት ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው። ጠመንጃ በንጉሥና በገዳይ መካከል ያለውን ርቀት ያሰፋል። ከዚህ 120 ዓመታት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1584 እ.ኤ.አ.፣ የሆላንዱ መሪ ቪለም ኦቭ ኦራንዥ በሽጉጥ ተገድለው ነበር። የተቀባ ገላን በእጅ መንካት ለሚያስፈራው ሰው እሳት የሚተፋ ብረት ድርጊቱን አቀለለለት።

ሦስተኛው ከአስከሬኑ ጋር የተደረገው ትግል ነው። ዙፋኑ በእውነት ባዶ ቢሆን ኖሮ የሞተው አንድ መናኝ በሆነ ነበር፤ የመናኝ መቃብር ደግሞ ማንንም አያስፈራም። መቃብሩ የፈሩት ሰዎች መሰብሰቢያ ይሆናል ተብሎ ከተሰጋ ግን ገዳዮቹ የገደሉት ንጉሥ መሆኑን በልባቸው ያውቃሉ ማለት ነው። የመጋቢቱ አዋጅና የጥቅምቱ ጥይት እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ አዋጁ ንጉሡ የለም ሲል ጥይቱ አለ ብሎ መሰከረ።

የደም ተራ

ግድያው ለፈጻሚዎቹ ያስገኘላቸው ዘመን ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በሰኔ 1700 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ለአባታቸው ታማኝ በነበሩ የቤተ መንግሥት ሰዎች እጅ በአደን ላይ ሳሉ ተወግተው ሞቱ። ትውፊት ርጉም ተክለ ሃይማኖት ብሎ ጠራቸው። ሕዝቡ ትእዛዙ ከማን አፍ ወጣ የሚለውን ትቶ በደሙ ማን ነገሠበት የሚለውን ዳኘ። ከተክለ ሃይማኖት በኋላ የዐፄ ኢያሱ ወንድም ዐፄ ቴዎፍሎስ ነገሡ። የወንድማቸውን ደም መመርመር ከሥራዎቻቸው አንዱ ሆነ፤ እቴጌ መለኮታዊትና ወንድሞቻቸው በሞት ተቀጡ።

በዚህ ጊዜ ሂሳቡ ተዘጋ ሊባል ይችል ነበር፤ ግን አልተዘጋም። በ1704 ዓ.ም. ከነጋሢው ወገን በወንድ መስመር ያልተወለዱት ዮስጦስ ዙፋኑን ያዙ። ይህ በሰሎሞናዊው ሥርዓት ያልተለመደ ነበር። በ1708 ዓ.ም. የተተኩት የኢያሱ ልጅ ዐፄ ዳዊት በ1713 ዓ.ም. በመርዝ እንደሞቱ ይነገራል። ወንድማቸው ዐፄ በካፋና የበካፋ ልጅ ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ በተከታታይ ከነገሡ በኋላ፣ የኢያሱ ዳግማዊ ልጅ ዐፄ ኢዮአስ በግንቦት 1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። ራስ ሚካኤል በቦታቸው ያነገሡት ደግሞ የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ልጅ የሆኑትን አዛውንቱን ዮሐንስ ዳግማዊን ነበር፤ እሳቸውም በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጥቅምት 1762 ዓ.ም.፣ በመርዝ እንደተወገዱ ይተረካል።

ቁጥሩን በአንድ ላይ ማየት ይገባል። ከ1699 እስከ 1762 ዓ.ም. ባሉት 63 ዓመታት ዐፄ ኢያሱን ተከትለው በዙፋኑ ላይ ከተቀመጡት ስምንት ነገሥታት መካከል አራቱ በግድያ እንደሞቱ ይነገራል። አራቱም ከዐፄ ኢያሱ አብራክ የወጡ ናቸው፤ ሦስቱ ልጆቻቸው፣ አንዱ የልጅ ልጃቸው ልጅ። ከዚህ በኋላ ንጉሡ በስም ብቻ የሚኖርበት፣ ራሶች የሚያነግሡበትና የሚሽሩበት ዘመነ መሳፍንት ሰፍኖ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እስኪነግሡ ድረስ ቆየ።

በዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለዘመነ መሳፍንት መምጣት የክፍለ ሀገር ገዥዎች መጠናከር፣ ጠመንጃ በትግራይ መኳንንት እጅ መብዛቱ፣ የሃይማኖቱ ክፍፍልና በቤተ መንግሥት አዳዲስ ወገኖች መግባታቸው ከአንድ ሰው ሞት ይልቅ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይህ እውነት ነው። ጨቅላ መንዞ የዚያ ሁሉ ምክንያት ነበረች ማለትም አይቻልም። ደሴቲቱ ላይ የሆነው ከዚያ ያነሰ፣ ግን ለይቶ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። ወህኒ አምባ የሥልጣን ጥያቄን በግዞት የመመለስ ልማድ አቋቁሞ ነበር፤ የ1699ኙ ግድያ ያንን ልማድ ሰበረ። ራስ ሚካኤል ስሑል በኢዮአስ ላይ እጃቸውን ሲያነሡ ከዚያ በፊት ያልተረገጠ መንገድ አልረገጡም፤ መንገዱን አስቀድሞ የጠረገው የንጉሡ የገዛ ቤተሰብ ነበር።

ማጠቃለያ

የሮማው ዩልዮስ ቄሣር በ44 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በተገደለ ጊዜ ገዳዮቹ ሪፐብሊኩን እናድናለን ብለው ነበር፤ የተከተለው ግን የሪፐብሊኩ ፍጻሜ ነው። የእቴጌ መለኮታዊት ወገን የልጃቸውን ዙፋን ለማጽናት ብሎ አባትየውን ገደለ፤ ልጁም፣ እናቲቱም፣ ወንድሞቿም በሁለት ዓመት ግድም ውስጥ ጠፉ። ሁለቱ ታሪኮች የተለያዩ ቢሆኑም አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ገዳዩ ሰውየውን ሲያስወግድ የሚወርሰውን ሥርዓት አብሮ ያፈርሳል። ዙፋን የሚያስከብረው የተቀመጠበት ሰው የማይነካ መሆኑ ነው። ይህን ሽሮ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠ ሰው ለራሱ የሚከላከልበት አጥር አይኖረውም።

የዐፄ ኢያሱ ሕይወት ለተመራማሪው የሚያቀርበው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። የፖለቲካ ግድያ ሲጠና ማን ገደለ፣ ማን አዘዘ የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፤ ተገቢም ናቸው። ከእነርሱ ጎን ግን ሌላ ጥያቄ መቆም ይኖርበታል፦ ከግድያው በፊት ተገዳዩን ከሥልጣኑ ለመለየት የተነገረው ሕጋዊ ቃል ምን ነበር? ቃሉ ለምን አልበቃም? በ1698 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የቀረበው የካሌብ ምሳሌ አሳማኝ ቢሆን ኖሮ በ1699 ዓ.ም. ወደ ጨቅላ መንዞ ጠመንጃ የያዘ ሰው መላክ ባላስፈለገ ነበር። በአዋጁና በጥይቱ መካከል ያሉት ሰባት ወራት አንድ መንግሥት በገዛ ቃሉ ላይ የነበረውን እምነት ያጣባቸው ወራት ናቸው፤ ምርመራውም በተለይ በእነርሱ ላይ ማተኮር ይገባዋል።

ዛሬ ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ጎብኚ የሚያያቸው ገዳማትና የብራና መጻሕፍት የጣና ታሪክ አንድ ገጽ ናቸው። የታላቁ ኢያሱ መቃብር ያለባት ምጽራሃ ግን የምትመሰክረው ስለ ሌላው ገጽ ነው። አስከሬኑን ከእሳት አወጡ የሚባሉት ካህናት ጦርም ሥልጣንም አልነበራቸውም። የሠሩት ሥራ ሟቹን በክብር መቅበር ብቻ ነበር፤ በዚህም በጎንደር የተካደውን ንግሥና በደሴቲቱ ላይ አጸኑት።